ስለ ቃልና ስለ ጸሎት ኃይል

በምዕራብ ጎጃም፥ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ወይም በገበዝ ማርያም በኩል የሚኖር ገበሬ፥ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ካማተበ በኋላ አቡነ ዘበሰማያትን ይደግማል። የሚደግመውም በግዕዝ ነው። ቃሉን ከአባቱ ተቀብሎታል፤ አባቱም ከአባቱ። ነገር ግን ቃሉን ከቃል ለይተህ ትርጓሜውን ተናገር ቢባል ዝም ማለትን ይመርጣል። እንግዲህ ይህ ሰው ጸለየ ይባላልን? የማያውቀው ቃልስ ምን ኃይል አለው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን እስከ ሃይማኖት ሥር ድረስ ይወርዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን «ቃል» ብላ የምትጠራው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። የሰው ቃል ከአፍ በወጣ ጊዜ በነፋስ ይበተናል፤ ተናጋሪውም ሲሞት ከእርሱ ጋር ይሞታል። ወልድ ግን እንደ ሰው ቃል ዝርው ያይደለ፥ በራሱ አካል ያለው፥ አካላዊ ቃል ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ መጽሐፉን ከቤተ ልሔም ሳይጀምር ከቃል ቀዳማዊነት የጀመረው፥ ሁሉ በእርሱ እንደ ተፈጠረና እርሱም ሥጋ እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። አርዮስ ይህን በካደ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. አባቶች በኒቅያ ተሰብስበው አወገዙት። በዚያ ጉባኤ ገና ዲያቆን የነበረው አትናቴዎስ በኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ፍሬምናጦስን፥ ይኸውም አባ ሰላማን፥ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ሰደደው። ስለዚህ ስለ ቃል የተደረገው ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጎጃምም ራሷ ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ ስለ ቅብዐት የተነሣውን ክርክር ብዙ ዘመን ተሸክማዋለች፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላም እንኳ ነገሩ በአንድ ቀን አልበረደም። የዛሬ ሰው ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል መከራከር ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ቃል አካል ያለው፥ የሚሰማና የሚመልስ ከሆነ፥ ጸሎት ንግግር ነው፤ ቃል ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ጸሎት ድግምት ይሆናል።

ሊቃውንት የሥላሴን ምሥጢር ሲያስተምሩ፥ በሰው ነፍስ ውስጥ ልብ፥ ቃልና እስትንፋስ እንዳሉ ይመስላሉ። ቃል ከልብ ይወለዳል፤ እስትንፋስም ከልብ ይወጣል፤ ሦስቱም አይለያዩም። ምሳሌው የተሰጠው ስለ እግዚአብሔር ለማስተማር ነው፤ ነገር ግን ለሚጸልይ ሰው ደግሞ መስተዋት ይሆነዋል። ልቡ በገበያ ሳለ ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ቃሉን ከልቡ ለይቶታል። ዳዊት በ15 ንጉሥ ተከፍሎ፥ በየንጉሡም 10 መዝሙር ተመድቦ መደገሙ መልካም ሥርዓት ነው፤ ቢሆንም የቈጠረው ሁሉ ጸለየ ማለት አይደለም። በግዕዝ ቅኔ የሚቀኝ፥ ሰሙን ከወርቁ የሚለይ የዋሸራ ምሁርም ቢሆን፥ የቃሉን ትርጓሜ ጠንቅቆ እያወቀ ልቡን ሳይሰጥ ሊያልፍ ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ያ ገበሬ ከምሁሩ ያነሰ አይደለም። ሕፃን እናቱን ሲጠራ ስለ ስምና ስለ ግሥ ምንም አያውቅም፤ የሚጠራትን ግን ያውቃል። ገበሬውም የቃሉን ፍቺ ባያውቅ የሚናገረው ለማን እንደ ሆነ ያውቃል። ይህን ማለት ግን አለማወቅን ማመስገን አይደለም። የትርጓሜ ጉባኤ የተተከለው ሕዝቡ የሚለውን ያውቅ ዘንድ ነውና፥ ትርጓሜውን ለሊቃውንት ብቻ ትቶ ምእመኑን በድምፅ ብቻ ማሰናበት የአስተማሪ ስንፍና ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነው። በጎጃምም በሌላውም አገር፥ ልጅ የታመመባት እናት ወደ ክታብ ጸሐፊ ትሄዳለች። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቈረጣል፤ የክርስትና ስሙ ይገባበታል፤ ከጸሎቱም መካከል ማንም የማይፈታቸው አስማት ይጻፋሉ፤ ከዚያ በኋላ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዘመናቸው ጥንቈላንና አስማትን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ነገሩ ግን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ እስከ ዛሬ ይታያል። በእናቲቱ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ጭንቅ ወስዷታልና። ስሕተቱ ቃል ከተናጋሪው ተለይቶ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ነው ብሎ ማስተማሩ ላይ ነው። የሚጸልይ ይለምናል፤ የሚለምንም እንቢ ሊባል ይችላል። አስማት የሚደግም ግን እንቢ መባልን አይፈልግም፤ ያዝዛል እንጂ አይለምንም።

ስለ መጽሐፍና ስለ ቃል ከተነሣ፥ በሰከላ አገር በግሽ ዓባይ የሚታወቀው የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ታሪክ ይታወሳል። ጻድቁ በተያዙ ጊዜ 7 መጻሕፍታቸውን ለምንጩ ውኃ አደራ እንደ ሰጡ፥ ከእስር በተመለሱም ጊዜ ውኃው ሳያረጥብ እንደ መለሰላቸው ይተረካል። ሰሚ ሁሉ የሚያደንቀው መጻሕፍቱ አለመርጠባቸውን ነው። በእስር ሳሉ አንድ መጽሐፍ እንኳ በእጃቸው እንዳልነበረ ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው፤ ጸሎታቸው ግን አልተቋረጠም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ሲደረስ፥ ጸሎት ኃይል ካለው ስለ ምን የተለመነው ሁሉ አይሆንም? በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትንና ካህናትን ፈጀ፤ ገዳዮቹ ራሳቸው የዘገቡት ቍጥር አራት መቶ ያልፋል፤ የኋላ ተመራማሪዎች ደግሞ ከ1,000 በላይ እንደ ነበሩ ገምተዋል። እነዚያ ሰዎች ሥራቸው ጸሎት ነበር። ጸሎታቸው ደካማ ስለ ነበረ ሞቱ የሚል ማንም ቢኖር አፉን ሊይዝ ይገባዋል። መልሱም ቢኖር በጌቴሴማኒ ይገኛል። ሥጋ የሆነው ቃል ራሱ በዚያች ሌሊት ጽዋው ያልፍ ዘንድ ጸለየ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። መምህራን ይህን ሲተረጕሙ ለአብነት ነው ይላሉ። ለአብነት ከሆነ፥ አብነትነቱ ሰው ጭንቀቱን ሳይሸሽግ እንዲናገር፥ ከተናገረም በኋላ ፈቃዱን እንዲተው ነው። ይህ ግን ልጁ የሞተበትን ሰው ወዲያው የሚያጽናና መልስ አይደለም፤ እንዲያውም በልቅሶ ቤት ተቀምጦ ይህን ማስረዳት ጭካኔ ይሆናል። በዚያ ስፍራ ዝም ብሎ አብሮ ማልቀስ ይሻላል።

በጸሎት ኃይል መታመን ሌላውን በር መዝጋት እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእንጦጦ ማርያም ጠበል የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እየተዉ ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፥ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይቃወሙ ለምእመናን ተናግረዋል። ሁሉ በቃል ከተፈጠረ መድኃኒት የሚሆነው ቅጠልና የሐኪሙም አእምሮ ከዚያው ወገን ናቸውና፥ ይህ ነገር ትምህርቱን የሚያጸና ነው እንጂ የሚያላላ አይደለም።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዝናም በዘገየ ጊዜ፥ የጤፉ መሬት ታርሶ ታርሶ አፈሩ በበሬው እግር ሥር ሲቦን፥ ካህናቱ ምሕላ ያውጃሉ። ሕዝቡ ማልዶ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ራሳቸውን አዘንብለው ይቆማሉ፤ እግዚኦታውም ይደጋገማል። ምሕላው ከመጀመሩ አስቀድሞ ግን ካህኑ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የተጣላ ይታረቅ ይላል። ያን ጊዜ ስለ ድንበር ሲካሰሱ የከረሙ ሁለት ሰዎች ከሕዝቡ መካከል ይፈለጋሉ። አንደኛው ወደ ኋላ ሊሸሽ ያስባል፤ ጎረቤቶቹ በክንዱ ይዘው ያወጡታል። ሁለተኛው ደንጊያ ተሸክሞ ይቀርባል። ያኛው ደንጊያውን ከትከሻው አውርዶ በመሬት ያኖረዋል፤ ይሳሳማሉም። ሰማዩ በዚያች ሰዓት ገና ጥርት ብሎ ነው፤ ካህኑም ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ጸሎቱን ይጀምራል።