ከጆሮው በፊት ጩኸቱ ይመርመር

ምኒልክ አደባባይ ላይ ቆሞ የሚነጋገር ሰው ድምፁን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። በመኪና ጥሩምባና በታክሲ ረዳት ጥሪ መሃል «ምን አልክ?» ያለን ወጣት ጆሮው ደከመ የሚል የለም። ጠያቂው ሸምገል ያሉ አባት ሲሆኑ ግን ፍርዱ ይፈጥናል፤ «አባባ እኮ አይሰሙም» ይባላል። ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ጉዳይ እንኳ የሚያማክራቸው ይጠፋል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ፍርድ ፍትሐዊ ነውን?

ጥያቄው ብዙ አረጋውያን በአንድነት በሚኖሩበት መጦሪያ ይበልጥ ይከብዳል። በከተማችን መቄዶንያን የመሰለው ማዕከል በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ ሆኗል። ብዙ ሰው ባለበት ድምፅ መብዛቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው በዚያው ድምፅ መሃል የሰውን ጆሮ መመዘን ነው።

የመስማት ምርመራ ጸጥታን ይሻል። ተመርማሪው በማዳመጫ እጅግ ዝቅ ያሉ ድምፆችን እያዳመጠ መስማቱን ያሳውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አመዳደብ፣ ከ20 ዴሲቤል በታች ያለውን የሚሰማ ጆሮ ጤነኛ ነው። ተራ ንግግር ደግሞ 60 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ቴሌቪዥን በተከፈተበት፣ ሳህን በሚንኳኳበት አዳራሽ ቢመረመሩ ደካሞቹን ድምፆች ጩኸቱ ይውጣቸዋል። በወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውም የአዳራሹ ጉድለት እንጂ የአዛውንቱ ብቻ አይሆንም።

«ኑሯቸው በጫጫታ ውስጥ ከሆነ፣ በጫጫታው ቢመረመሩ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እውነትነት አለው፤ በእርጅና የደከመ ጆሮ ጸጥ ባለ ክፍል ደህና መስሎ፣ በሰው መሃል ንግግር መለየት ሊያቅተው ይችላል። ይሁንና ሁለቱን ካልለየን መድኃኒቱን እናሳስታለን። ጆሮው በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ማጽዳት፣ ደክሞ እንደሆነ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ጩኸቱ ከሆነ ግን መሣሪያው ጩኸቱንም አብሮ ሊያጎላው ይችላል፤ ቴሌቪዥኑን መዝጋት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

አብዛኞቹ አረጋውያኖቻችን የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው። ወላጅን ማክበር ግዴታችን መሆኑን እናውቃለን፤ ሳይመረምሩ «አይሰሙም» ብሎ ከጨዋታ ማግለል ከዚህ ግዴታ ጋር አይሄድም። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ፊታችንን ወደ እነርሱ መልሰን፣ ሳንጮህና ሳንቸኩል እናነጋግራቸው። ከዚያም በኋላ ካልሰሙን ወደ ሐኪም እንውሰዳቸው።