አበባው ሲረግፍ ፍሬው ይታያል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ፥ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌት ቆማ ታመሰግንባቸዋለች። ወቅቱ ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ነው። ደግሞም እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድዋ የሚታሰብበት ነው። አበባና ስደት፥ ደስታና ልቅሶ በአንድ ወቅት ስለ ምን ተገናኙ ቢሉ፥ ምሥጢሩን ከአበባው ጠባይ እንማራለን።

አበባ ፈጥኖ ያልፋል። ኢሳይያስ የሥጋ ለባሽን ክብር በሜዳ አበባ መስሎታል (ኢሳ. 40፥6)፤ ዳዊትም የሰው ዕድሜ ነፋስ እንደ ነካው አበባ መሆኑን ተናግሯል (መዝ. 102፥15)። ጌታችንም የሜዳ አበባን ጌጥ ከሰሎሞን ልብስ አብልጦ ሲያመሰግን፥ ያ ጌጥ ውሎ አድሮ የእሳት ማገዶ እንደሚሆን አልሸሸገም (ማቴ. 6፥28-30)። ታዲያ አበባ የሚያስተምረን ማለፍን ብቻ ነውን? አይደለም።

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ወደ እንሴኖ የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። በዙሪያዋ ያለው የመስቃንና የማረቆ ምድር በበርበሬው የታወቀ ነውና። የበርበሬ አበባ ነጭና ትንሽ ነው። እንደ አደይ አበባ ከሩቅ አይጣራም፤ ብዙውን ጊዜም ራሱን ወደ ምድር አዘንብሎ ስለሚያብብ፥ ጐንበስ ያላለ ሰው ፊቱን አያየውም። በጥቂት ቀንም ይረግፋል። ገበሬው ግን አያዝንም፤ አበባው በረገፈበት ስፍራ ፍሬ ተቋጥሮ ያገኛልና። የሚያዝነው አበባው ምንም ሳይቋጥር ሲወድቅ ነው። ሁለቱም መርገፍ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ለፍሬ ቦታ መልቀቅ ሲሆን ሁለተኛው ከንቱ ሆኖ መቅረት ነው።

የሰውም ማለፍ እንዲሁ ነው። ውበት፥ ጕልበትና ገንዘብ ከጻድቁም ከኃጥኡም ይረግፋሉ፤ ልዩነቱ በረገፉበት ስፍራ በሚገኘው ነው። ጕልበቱን በአገልግሎት፥ ገንዘቡን በምጽዋት የጨረሰ ሰው አልጠፋበትም፤ ፍሬ ቋጥሯል።

የአሮን በትር በአንዲት ሌሊት አብባ አፈራች (ዘኍ. 17፥8)። ሊቃውንቶቻችን በትሪቱን በእመቤታችን ይመስሏታል፤ በትሪቱ ሳትተከልና ውኃ ሳትጠጣ እንዳፈራች፥ እርስዋም ያለ ዘርዐ ብእሲ ወልዳለችና። ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ይወጣል ያለውንም አበባ (ኢሳ. 11፥1) ክርስቶስ ነው ብለው ይተረጕማሉ። በአባ ጽጌ ድንግል ስም የሚታወቀው ማኅሌተ ጽጌም በዚህ ምሳሌ ያመሰግናል። እንግዲህ አበባና ስደት የተገናኙት፥ ይህን አበባ ገና በሕፃንነቱ ሊቀጥፈው ሄሮድስ ሰይፍ ስለ መዘዘ ነው። ጊዜው ሲደርስ ግን ማንም ሳያስገድደው ነፍሱን በመስቀል ላይ አሳልፎ ሰጠ፤ ፍሬውም የእኛ ሕይወት ሆነ።

ከእንሴኖ አልፈን ዝዋይ (ባቱ) ብንደርስ፥ በሐይቁ አጠገብ በላስቲክ ቤት የሚለማ ጽጌ ረዳ እናገኛለን። ገና ሳይፈነዳ ተቈርጦ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ሥራው ለብዙዎች እንጀራ ነውና አንነቅፈውም፤ ምሳሌውን ግን እናስተውል። ከግንዱ የተለየ አበባ በውኃ ቢቆም ለጥቂት ቀን ያምራል እንጂ ዘር አይሰጥም። በነጭ ልብስ አጊጦ ከንስሓና ከቅዱስ ቍርባን የራቀ ክርስቲያን፥ ድምፁ አምሮ ከወንድሙ ጋር ተቈራርጦ የሚያድር ካህንም እንዲሁ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በዚሁ በመስቃንና በማረቆ ምድር በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። የሞቱት በጊዜያቸው የረገፉ አይደሉም፤ በሰው እጅ የተቀጠፉ ናቸው። የእያንዳንዱን አበባ ጊዜ የወሰነ እግዚአብሔር ሲሆን፥ የወንድሙን ዕድሜ የሚያሳጥር ከየትኛውም ወገን ቢሆን የሄሮድስን ሥራ ይሠራል። የድንግልን ስደት በማኅሌት እያሰብን ጎረቤታችንን ስደተኛ ብናደርግ፥ የያዝነው ጸናጽል ይከሰናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ 40ው ቀን ሳይፈጸም የተጣላ ይታረቅ፤ የተፈናቀለውን ጎረቤቱን በቤቱ ደጅ ይቀበለው፤ ካህናትም አስቀድመን እኛ እግራችንን ለዕርቅ እናንሣ። አበባችን መርገፉ አይቀርም፤ በረገፈበት ስፍራ ግን የሰላም ፍሬ እንዲገኝ፥ ከሥሩ የማንለይ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።