ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስ ይከበራል። የአፍ ወለምታ አይደለም፤ ድግሱ የሰው ቢሆንም ባለቀኑ ፈረሱ ነው። ከአዊ ወረዳዎች ፈረሰኛው ፈረሱን አስጊጦ ይመጣል። ኮርቻው በግላስ ተሸፍኗል፤ ከግንባሩ እስከ ደረቱ ባለ ብዙ ቀለም ጌጥ ተንዠርግጓል። ሽምጥ ግልቢያው አለ፣ ስግሪያው አለ፣ ጉግሱ አለ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ በዚያች ቀን እንጅባራ ቢደርስ፣ የገባበት ዘመን የትኛው እንደሆነ ለጊዜው ግር ሊለው ይችላል።

በዓሉን የሚያዘጋጀው የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን አክብሯል። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገርለታል። የተቋቋመበትም ምክንያት በዓድዋ ጦርነት የዘመቱ ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ለማሰብ ነው። ዓድዋ የካቲት 23፣ ይህ በዓል ጥር 23፤ ሁለቱም በባለ ፈረሱ ሰማዕት በጊዮርጊስ ቀን ይውላሉ።

እስኪ የተመሠረተበትን ዓመት ልብ ብለን እንየው። በ1932 ዓ.ም. ጎጃም ገና ከጣሊያን እጅ አልወጣም ነበር። አርበኛው ዱር ነው፤ ሹምባሹና ባንዳው ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው «ዓድዋ ላይ ጣሊያንን ድል ያደረግንባቸውን ፈረሶች እናስብ» ሲሉ የፈረስ ነገር ብቻ እያወሩ አልነበረም። ፈረሱን ማሰብ ጌታ ነኝ ላለው ሰው «አንተን እናውቅሃለን» ብሎ መንገር ነበር። በጥይት ዘመን የተጀመረ ትዝታ ነውና ዋጋ ነበረው።

ዛሬስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሰው የአባቶቹን ልብስ ለብሶ፣ የአባቶቹን ዘመን አስመስሎ አደባባይ ሲወጣ ምን እያደረገ ነው? እያከበራቸው ነው ወይስ በእነሱ እየተጫወተ?

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር፣ በዌልስና በአሜሪካ የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን እያሰቡ የሚደግሱ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ላንድሪንዶድ ዌልስ የምትባል የዌልስ ከተማ በየነሐሴው ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ በዓል ስታከብር ኖራለች። ወንዱ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ይደፋል፣ ሴቷ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ትለብሳለች፣ ዣንጥላ ትይዛለች፣ ሠረገላ ይወጣል። በአሜሪካዋ ጋልቬስተን ከተማም በደራሲው በቻርልስ ዲከንስ ስም በገና ሰሞን ተመሳሳይ ድግስ አለ። ያምራል። ግን ዲከንስ ማን ነበር? በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ገብቶ የሠራ፣ አባቱ በዕዳ የታሰረበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ድሃ ልጆች የጻፈ ሰው ነው። በስሙ በሚደገሰው ድግስ ላይ ግን የሚደምቀው ባርኔጣው ነው። ለፋብሪካው ሕፃን የሚሆን አልባሳት አይሸጥም፤ ቢሸጥም ማን ይገዛል?

ለእኛማ የቪክቶሪያ ዘመን ሌላ ስም አለው፤ መቅደላ ይባላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ የጻፉት ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ መልስ አጣ። ከዚያ እስሩ መጣ፣ ከዚያ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ላይ ነገሩ በደም ተቋጨ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዐፅሙም ዛሬ ድረስ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ ነው። በ2015 ዓ.ም. አፅሙ ይመለስልን የሚል ጥያቄ ቀርቦ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። እንግዲህ ባርኔጣውን ደፍቶ የሚዝናናው የላንድሪንዶድ ሰው ይህን ሁሉ ሊያስብ ነው? አያስብም። የዘመኑን ዳንቴል ወስዶ የዘመኑን ዕዳ ትቶታል።

በሰው ለመፍረድ ግን አንቸኩል። እኛም እንመርጣለን። ዓድዋ ስንል የሚታየን ፈረሰኛው ነው፤ ለምዱ፣ ጎፈሬው፣ ጋሻው። ለዚያ ሁሉ ሠራዊት ስንቅ የፈጨችው፣ በሶ የበጠበጠችው፣ እንስራዋን አዝላ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ የሄደችው ሴት የት አለች? ድንኳን የተሸከመው አሽከርስ? ወዶ ሳይሆን የሰው ንብረት ስለሆነ ጌታውን ተከትሎ የዘመተው ባሪያስ? ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘምተዋል፤ በፈረስ ስማቸው አባ ጠና ተብለው እስከዛሬ ይጠራሉ። ከኋላቸው በእግሩ የተከተለው ገበሬ ግን ፈረስም ስለሌለው የፈረስ ስምም የለው።

«ኧረ ተወን! ሰው አንድ ቀን ቢደሰት ምን አለበት? በዓል ፍርድ ቤት ነው እንዴ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው። በዓል የታሪክ ፈተና አይደለም። የአባቱን ጀግንነት እያነሣ የሚፎክረውን ልጅ አስቁሞ «አባትህ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥፋት ነበረበት» ማለት ዕውቀት ሳይሆን ክፋት ነው። ደስታም የራሱ ሥራ አለው። ጥር 23 ባይኖር ኖሮ ስንቱ ወጣት «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የአባቱን ፈረስ ሸጦ ሞተር ሳይክል በገዛ ነበር! ሌላም ነገር አለ። የአገው ፈረሰኛ በዓልና የእነዚያ የባርኔጣ በዓላት አንድ አይደሉም። ባርኔጣ ማታ ላይ ይወልቃል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ እስከ ዓመት ምንም አይጠይቅም። ፈረስ ግን ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጥር 23 ሜዳ ላይ ሽምጥ የሚጋልበው ሰው ያን ፈረስ በሐምሌ ጭቃ ድርቆሽ ሲያቀርብለት፣ ሰኮናውን ሲያይለት፣ ሲታመም ሲጨነቅለት የከረመ ሰው ነው። በአዊ ደጋ ደግሞ ፈረስ የበዓል ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይወጣል። ስለዚህ በዓሉ ከዓመቱ ውስጥ የወጣ አንድ ቀን እንጂ ዓመቱን የረሳ ቀን አይደለም።

ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። ያለፈውን የሚያከብር ሰው ካከበረው ነገር ጋር ከበዓሉ ማግሥት የሚያቆየው ግዴታ ካለ፣ ማክበሩ እውነት ነው። ምንም ግዴታ ከሌለው ጨዋታ ነው። ጨዋታም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጨዋታን «ቅርስ» ብሎ መጥራት ላይ ነው። ውርስ ማለት መሬቱን ብቻ ወስዶ ዕዳውን ለሌላ መተው አይደለምና። በአገራችን ወግ የሟችን ንብረት የወረሰ ልጅ የሟችን ዕዳ እንዲከፍል ይጠበቅበታል።

ታዲያ የፈረሱን ውለታ እንቆጥራለን ካልን ዕዳው የት ነው ያለው? ሩቅ አይደለም። ከእንጅባራ ተነሥተን በቲሊሊ በኩል ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ጅጋ እንውረድ። በእነዚህም ከተሞች፣ እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች፣ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። በገበያ ቀን እህሉም፣ ሲሚንቶውም፣ ቆርቆሮውም፣ ሰውየውም እላዩ ላይ ነው። ጀርባው ገጣባ፣ አፉ ልጓም የበላው፣ አስፋልት ላይ ሰኮናው የሚንሸራተት ፈረስ ለማየት ብዙ መፈለግ አያስፈልግም። ሲያረጅ ወይም እግሩ ሲሰበርማ ከመንገድ ዳር ይለቀቃል። ሌሊት መኪና እስኪመታው ወይም ጅብ እስኪያገኘው ድረስ ማንም ስሙን አይጠራውም።

ስም አልኩ? አዎ። የፈረስ ስም የሚባለውን ባህል እናስታውስ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። የራሳቸው ስም እያለ፣ የክርስትና ስም እያለ፣ በፈረሳቸው ስም ተጠሩ። ንጉሥ ስሙን ከእንስሳ የሚዋስበት አገር ነው። ሰውየው ሜዳ ላይ ብቻውን እንዳልቆመ፣ ከሥሩ ሌላ ነፍስ እንደነበረ የሚመሰክር ስም ነው። የጋሪ ፈረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሂድ!» ከመባል በቀር ስም የለውም።

ባለጋሪውን ክፉ ለማድረግ አይደለም ይህን የምጽፈው። ብዙው ባለጋሪ ድሃ ነው፤ ጋሪውም ፈረሱም የሌላ ሰው ሆኖ የቀን ገቢ የሚያስገባ ልጅ ሊሆን ይችላል። እሱም ራሱ ገጣባ አለበት፤ የእሱ ጀርባ ላይ አይታይም እንጂ። ለዚህ ልጅ የዓድዋን ፈረስ ውለታ ብንሰብክለት «እኔ ማታ ምን ልብላ?» ይለናል፤ መልስም የለን። ስለዚህ ዕዳው የባለጋሪው ብቻ ሊሆን አይችልም። ጥር 23 ያጨበጨብን ሁሉ ነን ባለዕዳዎቹ። ጋሪው ላይ ሦስት ሰው ከተሳፈረ በኋላ «እኔንም ጨምረኝ» ያልነው እኛ ነን። አምስት ኩንታል ጭነን በሁለት ኩንታል ዋጋ የተከራከርነው እኛ ነን። የገበያውን ጭነት ልክ ሊወስን፣ ለታመመው ፈረስ ሐኪም ሊያቀርብ የሚችለው ማዘጋጃ ቤትም በእኛ ስም የሚሠራ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አበው። ፈረሱ ያደርስሃል፣ ውጊያው ያንተ ነው ማለታቸው ነው። በዓልም እንዲሁ ይመስለኛል። በዓል እስከ አንድ ቦታ ያደርሰናል፤ ልባችንን ያሞቃል፣ አባቶቻችንን ያሳየናል፣ ልጆቻችንን ሜዳ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን እሱ አይሠራልንም። የአዊ ፈረሰኛ የራሱን ፈረስ በማክበር አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ውለታ የዋለ ዝም ብሎ አይረሳም፣ እንስሳም ቢሆን። ትምህርቱ ከእንጅባራ ሜዳ ወጥቶ የቡሬና የጅጋ ገበያ ካልደረሰ ግን ፈረሱን ሳይሆን ጌጡን ነው ያከበርነው።

ሰው በፉከራ ሲበዛበት «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ይባላል፤ በል እንይህ ለማለት ነው። በዓሉም ጥር 23 ቀን ይህንኑ የሚለን ይመስለኛል። የሚለው ግን ለጋላቢው ሳይሆን በዙሪያው ቆመን ለምናጨበጭበው ነው። ጋላቢውማ ጥር 24 ማለዳ ተነሥቶ ድርቆሹን ያቀርባል።