የጎረቤት ሐቅ በግድግዳችን ላይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ባለፈው ክረምት ባቲ አካባቢ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የወባ መድኃኒት ረጪዎች ወደ መንደሩ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አጎቴ በራቸው ላይ ቆመው «አጀሌ ከደረሰ መድኃኒት አያስጥለኝም፤ ካልደረሰ ትንኝ አትገድለኝም» ብለው መለሷቸው።

ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ነገሩን አነሳሁባቸው። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው መመለሳቸውን፣ ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁም ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደሩ መሄዳቸው እንደሆነ መግለጻቸውን አስታወስኳቸው። አጎቴ ይህን ተቀበሉ። ቀጥለው ግን «መድኃኒቱ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠብቀኝ?» አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። የወባ ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ግድግዳው የተረጨ ከሆነ ትሞታለች። ከበሽተኛ የወሰደችው ተሕዋስ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ አሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከሞተች በሽታው አብሯት ይቀራል።

«እንግዲያ የምትሞተው እኔን ከነከሰች በኋላ ነው! ለእኔ ምን ፈየደልኝ?» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የእኔ ግድግዳ በአብዛኛው የሚጠብቀው ጎረቤቴን ነው፤ የእርሱም እኔን። ባለሙያዎች ከመቶ 80 የሚበልጠው ቤት መረጨት አለበት የሚሉትም ለዚህ ነው። በሩን የዘጋ ወይም በተረጨለት ማግስት ግድግዳውን በጭቃ የለሰነ ሰው የተወው የራሱን ጥቅም ብቻ አይደለም። የጎረቤቱን ነፍሰ ጡር ሚስትና ሕፃን ሐቅም ነክቷል። ሸሪዓ የቤትን ክብር ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይገባበትም። ሌላውን የምንጎዳበት መብት ግን አልሰጠንም።

አስረጪውም አማና አለበት። ዲዲቲ ለአሥርተ ዓመታት ከተረጨ በኋላ ትንኟ ስለለመደችው በሌላ መድኃኒት ተተክቷል። ዕቃውን አውጥቶ፣ ምግቡን ሸፍኖ ቤቱን ለከፈተ ሰው የማይሠራ መድኃኒት መርጨት አማናን ማጉደል ነው።

መርጨት ብቻውን የማይበቃበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን የመታው የደንጊ ትኩሳት የሚተላለፈው በቀን በምትናከስና በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ በምትራባ ትንኝ ነው። በ2022 እዚያው ከተማ ከተነሳው ወባ ጋር የተያያዘችው፣ ከእስያ የመጣችው ትንኝም በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እዚህ ላይ ሐቁ በርሜልን መክደን ነው። ያልተከደነ በርሜል እንዳልተረጨ ግድግዳ ጎረቤትን ይጎዳል።

በማግስቱ ከፈጅር መልስ አጎቴ የእህል ጆንያቸውን ወደ ውጭ ሲያወጡ አገኘኋቸው። የመድኃኒቱን ሽታ እንደሚጠሉት ደጋግመው ነገሩኝ። ጆንያውን ግን ማውጣታቸውን አላቆሙም።

አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።