መርዶ ያልተነገረለት ሰው

የሰው ሞት የሚረጋገጠው በምንድን ነው? በሬሳው ነው፥ በመዝገብ ነው፥ ወይስ በቤተ ዘመድ ልብ? ይህን ጥያቄ ማንሣቴ በነገር ለመራቀቅ አይደለም፤ የቤቴ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው።

የእናቴ አባት በደጋ ዳሞት፥ በፈረስ ቤት አጠገብ፥ ገብስ በሚዘራበት አገር ተወለዱ። ባሕር ሳያዩ አድገው፥ በ1940ዎቹ ዓመታት በተቋቋመው በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቀጥረው ወደ ምጽዋ ወረዱ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ስትያዝ ወሬያቸው ተቋረጠ። ሬሳም አልመጣም፤ መርዶም አልተነገረም። ሴት አያቴም «መርዶ ሳይነገረኝ ባሌን አልገድልም» ብለው ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካርም አላወጡም።

እኔ ባደግሁ ጊዜ መዝገብ ፍለጋ ተነሣሁ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልነበራትም፤ የቀድሞው ባሕር ኃይልም ከጊዜ በኋላ ፈረሰ። የአያቴን ስም ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጽፌ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ብመላለስ፥ መልሱ «አልተገኘም» ሆነ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሞት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፥ ከዚያ በፊት ያለፈው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሰው አፍ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋን ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲወስን ይፈቅዳል። ይህ ውሳኔ ለንብረት ጉዳይ ይበቃ ይሆናል፤ ለኅሊና ግን አይበቃም። ያለ ማስረጃ «ሞቷል» ማለት ሕያውን እንደ መቅበር ያስፈራል፤ ዝም ማለት ደግሞ ሟቹን ጸሎት መንፈግ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶች «ከመርከቡ ጋር ሰጠመ» እያሉ ያወራሉ። ነገሩ ለቤተ ሰቡ ክብር ነው፤ ነገር ግን ያየ ሰው የለምና አልደግመውም። ባዶውን መዝገብ በተረት መሙላት ሟቹን ሁለተኛ ማጥፋት ይመስለኛል።

በመጨረሻ ራሳችንን ጠየቅን፤ ይህን ያህል ዘመን ተስፋ ያደረግነው ለእርሳቸው ነውን፥ ወይስ ሐዘኑን ከራሳችን ለማራቅ? ቢመለሱ ኖሮ ጸሎታችን ምንም አይጎዳቸውም ነበር፤ ሞተው ከሆነ ግን ዝምታችን ጎድቷቸዋል። ይህን ለነፍስ አባታችን ብንነግራቸው ወረቀት አልጠየቁም፤ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብቻ አሉ። ሴት አያቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ እኔ በየቢሮው ጽፌው የማላውቀውን ስም ተናገሩ። ያን ጊዜም አለቀሱ።

መዝገቡን መፈለጌን አልተውሁም፤ ያገለገላትን ሰው ስም መጠበቅ የአገር ዕዳ ነውና። የእኛን ዕዳ ግን መዝገቡ እስኪገኝ ልናሳድረው አይገባንም ነበር።