ከግዝት በኋላ

ገርጂ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። ትራማዶል ያለ ማዘዣ ሊገዛ የመጣ ወጣት ያስታውቃል፤ ስለ ሕመሙ አያወራም፣ የሚጠይቀው ሚሊግራሙን ነው። አንዲት እናት ግን ክኒን ፍለጋ አልመጣችም። የ22 ዓመት ልጇን የንስሐ አባታቸው ትራማዶል ዳግመኛ እንዳይነካ እንደገዘቱት ነግራኝ፣ «እህቴ፣ እናንተም እንዳትሸጡለት አደራ» አለች። ልጁ ወር ሳይሞላው መልሶ ጀመረ። አሁን እሷን የሚያስለቅሳት ከክኒኑ ይልቅ ግዝቱን መጣሱ ነው። እሱም ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል፤ በየት ፊቴ እገባለሁ እያለ።

ፈቃዱ የታመመበትን ሰው በዚያው ፈቃዱ ማስማል ተገቢ ነው? ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 7 የሚጠላውን እንደሚያደርግ ሲናገር እምነት ጎድሎት አልነበረም።

ትራማዶል አንጎል ውስጥ የሚሠራው እንደ ሞርፊን ነው። ሲቋረጥ ማዛጋት፣ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። አብዛኛው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይበርዳል፤ አምሮቱ ግን ለወራት ይቆያል። ብዙ ወጣት ሕክምናውን የሚያቋርጠው ሰውነቱ ቀለል ሲለው፣ ዳንኩ ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሰውነቱ የለመደውን መጠን መሸከም አይችልም። በድሮው ልክ ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «ተገዝቷል» ተብሎ ቤተሰብ የሚዘናጋበት ሰሞን ከሁሉ የሚያሰጋው ሰሞን ነው።

ቦታም ይወስናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ያጠናችው አሜሪካዊቷ ሊ ሮቢንስ፣ እዚያ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት አብዛኞቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ ወደ ሱሱ እንዳልተመለሱ አረጋግጣለች። የእኛ ልጅ ግን ከአማኑኤል ወይም ከየካ ኮተቤ ሆስፒታል ወጥቶ የሚገባው እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ጫት ቤት፣ እነዚያው ጓደኞቹ መሀል ነው።

ንስሐ እኮ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን አያልቅም። ቀኖና አለው፤ የሚከታተል አባት አለው፤ ደግሞ የወደቀም ወደዚያው አባት ይመለሳል። ይህን ትዕግሥት ለታመመው ልጅ የምንነፍገው ለምንድን ነው? በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚወሰዱ በአደባባይ ሲናገሩ፣ ክኒኑን ለመጣል የተቃረበ ብዙ ምእመን ልቡ አርፏል። ሱስም ያን ያህል ግልጽ ቃል ይፈልጋል።

አባቶቼ፣ ልጁን አትገዝቱት። በየሳምንቱ ጥሩት፣ ሐኪሙ ዘንድ መሄዱን ጠይቁት፤ ዳግመኛ ከወደቀም በዚያው ቀን ወደ ሕክምናው መልሱት።