እጄ ለየትኛው ደብር?

የተወለድሁት በደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት አጠገብ ነው፤ የምኖረው ባሕር ማዶ። ያለሁበት ማኅበረ ምእመናን የሌላ ቤተ እምነት አዳራሽ ተውሶ ለዓመታት ሲያስቀድስ ኖሮ አሮጌ ሕንፃ ገዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ቀለም እቀባለሁ፣ ፍርስራሽ እሸከማለሁ። ኤሌክትሪኩን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ስለሚነካው ለእኛ የሚቀረው ይህ ነው። በትውልድ መንደሬ ደግሞ ደብሩ አርጅቶ ሊታደስ ነው። እጄ የሚገባው ለየትኛው ነው?

አስቀድሜ፣ በሰው አገር ደብር መሥራት ተገቢ ነው ወይ? አልሁ። ለዚህ ኢየሩሳሌም መልስ አላት። በዚያ ያለችውን የእኛን ቤተ ክርስቲያን፣ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሥራ ያስጀመሩት አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ሥራው አላለቀም ነበር፤ አፄ ምኒልክ ፈጸሙት። ንጉሥ ቢለወጥም ተሳላሚውና መነኩሴው መጠጊያ ያሻቸዋልና አልተተወም። ስደተኛም ልጁን የሚያስጠምቅበት፣ ሙታኑን የሚያስፈታበት ደጅ ያሻዋል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ከበደኝ። ግንበኛ አይደለሁም። በዚያች ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ብሠራ የማገኘው ገንዘብ ፈረስ ቤት ላይ ለአንድ ግንበኛ የብዙ ቀን ዋጋ ይሆናል። ታዲያ ቀለም የምቀባው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለናፍቆቴ? ኦሪት ዘጸአትን ገለጥሁ። ለድንኳኑ ሥራ ወርቅ ያለው ወርቅ አመጣ፤ ሴቶች በእጃቸው የፍየል ጠጉር ፈተሉ፤ ገንዘቡም እጁም ተቀባይነት አገኘ። ስጦታው ከሚበቃው በላይ ሲሆን ግን ሙሴ በአዋጅ አስቆመው። እንግዲያው የስጦታ ልክ የሚታወቀው በሰጪው ፍላጎት ሳይሆን በሥራው ጉድለት ነው።

መንደሬ የጎደላት ምንድን ነው? ድንጋይም ጉልበትም አላት። ደብር ሲሠራ ወንዱ ድንጋይ ይሸከማል፣ እንጨት ይጎትታል፣ ጭቃ ይረግጣል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ለሠራተኛው ጠላና ቆሎ ያቀርባሉ። የሚቸግረው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሲሚንቶና የባለሙያ ዋጋ ነው። እኛ ባሕር ማዶ ያለነው ገንዘብ አዋጥተን ሁሉንም ለተቋራጭ ብንሰጥ ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ገበሬው ግን በገዛ ደብሩ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ብር የሌለው ሰው ለታቦቱ የሚሰጠው ጉልበቱን ነው፤ እሱን በገንዘቤ ብተካው ድርሻውን ቀማሁት ማለት ነው።

ግንበኛውስ በነፃ ይሥራ? ዳዊት የኦርናን አውድማ ያለ ዋጋ ውሰድ ቢባል እንቢ ብሎ 50 ሰቅል ብር ከፈለ። ልጆች የሚያሳድግን ባለሙያ ዋጋህን ተው ብሎ ማግባባት የእሱን ስለት በራስ ስም ማግባት ነው። ወዶ ከተወ የእሱ ነው፤ እኔ ግን አልጠይቀውም።

ናፍቆቴ ግን አልተፈታም። ራሴን የምፈትንበት ነገር ፈለግሁ፦ አዳራሹን ያዋሱን ሰዎች የራሳቸው ጣራ ቢያፈስ ሄጄ እሠራለሁ? እዚያ ቅዳሴም ሆነ የአገሬ ሰው የለም። ያደግሁበት የወንፈል ሕግ ግን ግልጽ ነው፤ በቸገረኝ ቀን የደረሰልኝ ሰው እኔ የምመልስለት ቀን አለው። እግዚአብሔር በወንፈል ባለዕዳ አይሆንልኝም፤ የእነዚህ ሰዎች ግን ባለዕዳ ነኝ። ናፍቆት ወደ ሥራው ቢያመጣኝ አላፍርበትም፤ ናፍቆቴ በሌለበትም መሥራት ከቻልሁ የመጣሁት ለናፍቆቴ ብቻ አይደለም።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ አንዳንዶቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ሠሩ። እኔም በዚህ ጸናሁ፦ ጉልበቴ ቤቴ ባለበት ይሁን። ወደ መንደሬ የምልከው ለቆርቆሮ፣ ለሲሚንቶና ለግንበኛው ዋጋ ይሁን፤ ድንጋዩንና ውኃውን ለባለደብሮቹ ልተው። ያዋሱን ሰዎችም እጅ ሲፈልጉ ሳይጠሩኝ ልሂድ።